አመክሮው ያለቀበት ጠዋት

አንድ ሰው ነበር፤ በጠብ ጎረቤቱን አቁስሎ ወህኒ የወረደ። እዚያም ገብቶ አልበረደለትም። ይሳደባል፣ ይማታል፣ የሰው ተራ ይነጥቃል።

ኋላ ግን ስለ አመክሮ ነገሩት። ጠባዩ ያማረ እስረኛ ፍርዱን ሳይጨርስ ይፈታል። እስከዚያውም ጠያቂዎቹን በአጥር ማዶ ሳይሆን ጎን ለጎን ተቀምጦ ያገኛል። ሲታሰር ድክ ድክ የምትል ሴት ልጅ ነበረችው። ሊያቅፋት ፈለገ። ማን ይፈርድበታል?

ስለዚህ ጠባዩን አሳመረ። አባባ ንጋቱ የሚባሉ ዓይነ ስውር ሽማግሌ አብረውት ታስረው ነበር። ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ይዞ ፀሐይ ወዳለበት ያወጣቸው ጀመር። ጠባቂው ሃምሳ አለቃ አየ፤ መሰከረለት። ሰውዬውም ልጁን አቀፈ።

አንድ ቀን ሽማግሌው፣ «ልጄ፣ ዛሬ ሃምሳ አለቃው የለም መሰለኝ» አሉት።

«እንዴት አወቁ አባባ?»

«እሱ ሲኖር እጄን ትይዘኛለህ። ሳይኖር ትጎትተኛለህ።»

ምን ይመልስ? ወገኖቼ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር? እሱም አፈረ።

አመክሮው ተፈቀደለት። ስሙ ሲጠራ ልብሱን በፌስታል ይዞ ወደ በሩ ሮጠ። ልጁ ከውጭ «አባዬ!» እያለች ትጣራለች። ዞር ቢል አባባ ንጋቱ እጃቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ዛሬ እንደሚፈታ አልነገራቸውም ነበር።

«ና እንጂ!» አለ ሃምሳ አለቃው። «አመክሮህ እኮ አለቀ!»

ሰውዬው ፌስታሉን መሬት ላይ አስቀመጠ። ተመልሶ ሽማግሌውን አነሳቸው፤ በእርጋታ፣ በእሳቸው እርምጃ ልክ ፀሐይ ወዳለበት ወሰዳቸው።

«ሃምሳ አለቃው እያየን ነው፣ አይደል?» አሉ።

«ቢያይም ከእንግዲህ የሚሰጠኝ ነገር የለም አባባ። ተፈትቻለሁ።»

ሽማግሌው ቆሙ። እጁን አጥብቀው ያዙና አለቀሱ።

አመክሮ ማለት ፈተና ነው። ገዳም የሚገባም ሰው ሳይመነኩስ በአመክሮ ይቆያል። የዚህ ሰው ፈተና ያለቀው መቼ ነው? ወረቀቱ ሲፈረም ነው? አይደለም! ያን ጠዋት ነው እንጂ።

እኔ ሽልማቱን አልነቅፍም። ያ ሽልማት ባይኖር የሽማግሌውን እጅ መች ይነካ ነበር? ሽልማት ግን እስከ በሩ ድረስ ነው የሚሸኘን።

እናንተስ? ስማችሁ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ የምትሰጡ፣ ካህን ሲያያችሁ ድምፃችሁ የሚለሰልስ፣ እናንተስ? ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ የምትይዙት እጅ አለ። አልጋ የያዘች እናት እጅ፣ ስትላላክላችሁ የዋለች ሠራተኛ እጅ። በሩ ይዘጋል። የሚያይ የለም፤ የሚመሰክርላችሁም የለም።

ያ እጅ ግን ያውቃል።