የሰናፍጭ ምሳ

አንድ ቀን፣ ያውም ጾም ባልሆነ ማክሰኞ፣ በአንድ የደጋ ምርምር ጣቢያ ሽሮው ከምሳ ላይ ጠፋ። በሽሮው ፋንታ እያንዳንዱ ሠራተኛ ፊት አንድ ቁራሽ ዳቦና አንድ ማንኪያ ሰናፍጭ ቀረበ።

«እትዬ ሙላቷ፣ ምን ጾም ነው የገባብን?» አለ የላቦራቶሪው ባለሙያ ባዘዘው።

«እኔን አትጠይቀኝ፤ ዶክተር ናቸው ያዘዙት» አሉ ወጥ ሠሪዋ።

ዶክተር ልሳነወርቅ የጣቢያው ኃላፊ ናቸው። በዕውቀታቸው ማንም አይደርስባቸውም፤ እጃቸው ግን ጠበቅ ያለ ነው። ለእንግዳ ሻይ ሲያዙ እንኳ «ስኳሩ ይቅርባቸው፣ ለጤና አይበጅም» የሚሉ ሰው ናቸው። በዚያ ሰሞን የሰናፍጭን ጥቅም ይመረምሩ ነበር። ነጭ አይጦች ሰናፍጭ እየበሉ ይመዘናሉ፣ ደማቸው ይታያል። አይጦቹም ፀጉራቸው አበራ፣ ጉንጫቸው ሞላ።

ዶክተር ምግብ ቤቱ መሃል ቆሙና፣ «ሰናፍጭ ለአይጥ ይህን ያህል ከበጀ፣ ለሰውማ እንዴት አይበጅም! ከዛሬ ጀምሮ ምሳችሁ ይኸው ነው» አሉ። ይህን ብለው ጣቢያው ግቢ ውስጥ ወዳለው ቤታቸው ለምሳ ሄዱ። ከቤታቸው የቅቤና የሥጋ ሽታ ይመጣ ነበር። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም።

እውነቱን ለመናገር ሰናፍጩ ጥሩ ሰናፍጭ ነው። አፍንጫ ሰርስሮ አናት ላይ ይወጣል፣ እንባ ያስወርዳል፤ ሆድ ግን አይሞላም። ከተማው ደግሞ ሩቅ ነው፣ ከጣቢያው ሌላ የሚበላበት ቦታ የለም። ሰንበት ሳይደርስ የባዘዘው ቀበቶ አዲስ ቀዳዳ ተበሳለት። ይባስ ብሎ አይጦቹን የሚመግበው እሱ ነው። በቆሎው፣ አኩሪ አተሩና የወተት ዱቄቱ ተደባልቆ፣ ከላዩ ሰናፍጭ ነስነስ ተደርጎ ሲያቀርብላቸው ምራቁን ይውጣል። «እናንተስ ታድላችሁ» ይላቸዋል። አንዴማ ከምግባቸው ዘገን ሊያደርግ እጁን ሰደደና፣ ትልቁ አይጥ ቀና ብሎ ሲያየው አፍሮ ተወው።

እንዲህ እንዳለ ከዋናው መሥሪያ ቤት እንግዶች እንደሚመጡ ተሰማ። ዶክተር ባዘዘውን ቢሯቸው ጠሩት።

«የደረጃ ዕድገት ጥያቄህ እዚህ ነው ያለው» አሉት መሳቢያቸውን መታ መታ እያደረጉ። «ነገ እንግዶቹ ፊት ሰናፍጩ ምን ያህል እንደበጀህ ትመሰክራለህ፤ እኔም እዚያው እፈርምልሃለሁ። ተግባባን?»

ባዘዘው ይህን ዕድገት ሲጠብቅ ዓመታት አልፈዋል። ባለቤቱም ወር በመጣ ቁጥር «ዕድገቱስ ምን ደረሰ?» ትለዋለች። እናም «እሺ፣ ዶክተር» ብሎ ወጣ። ሲወጣ ግን ጓደኞቹ ደጅ ላይ ቁመው ቁራሻቸውን በውሃ ሲያወርዱ አየ።

በማግሥቱ እንግዶቹ ከሠራተኞቹ ጋር ለምሳ ቀረቡ።

«ይኸውላችሁ፣ ምርምራችን ከወረቀት አልፎ ገበታ ላይ ደርሷል!» አሉ ዶክተር። «ባዘዘው፣ እስቲ ንገራቸው።»

ባዘዘው ቁራሹን ሰናፍጩ ውስጥ ነክሮ ጎረሰ። እንባው ዱብ ዱብ አለ።

«ክቡራን እንግዶቻችን፣ የሰናፍጭ ጥቅሙ ተነግሮ አያልቅም። አይጦቻችንን ሄዳችሁ እዩ፤ ምቾት ፈሶባቸዋል።»

«አያችሁ!» አሉ ዶክተር ደስ ብሏቸው። ወረቀቱን ዘረጉ፣ ብዕራቸውንም አወጡ። «ይኸ ልጅ ዕድገት ይገባዋል!»

«ካልቀረማ፣ ዶክተር፣ ለእኔ ብቻ አይሁን» አለ ባዘዘው እንባውን እየጠረገ። «ለአይጦቹ ሰናፍጩ የሚጨመርላቸው ከምሳቸው ላይ ነው። እባክዎ፣ ሁላችንንም ወደ አይጥ ደረጃ ያሳድጉን!»

በነጋታው ሽሮው ከነሰናፍጩ ተመለሰ፤ የባዘዘው ወረቀት ግን ወደ መሳቢያው እንደገባ ቀረ። እሱም ባለቤቱ «ዕድገቱስ ምን ደረሰ?» ስትለው፣ «አገኘሁ እኮ፤ አይጥ ሆኛለሁ!» ይላታል አሉ።