የጋሽ ይመር አሥራ ስድስት ገጾች

በአንድ ወቅት፣ ስልክ ገና ኪስ ውስጥ ሳይገባ፣ ደሴ ላይ ጋሽ ይመር የሚባሉ መጽሐፍ አከራይ ነበሩ። መጽሐፍ ሲወዱ ለጉድ ነው፤ ተከራይን ግን አያምኑም። «መጽሐፍና ጃንጥላ ከቤት ከወጡ ወዲያ አይመለሱም» ይሉ ነበር። ስለዚህ ዘዴ ፈጠሩ። አዲስ መጽሐፍ በገባ ቁጥር የመጨረሻዎቹን አሥራ ስድስት ገጾች በምላጭ ቆርጠው በቆርቆሮ ሣጥን ያስቀምጣሉ። ተከራዩ መጽሐፉን ሲመልስ ከሱቁ ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የቀረውን ያነባል፤ ያነበበውንም ላላነበበ ላይናገር ቃል ይገባል። በዚህ ዘዴ በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ መጽሐፍ አልጠፋባቸውም።

ከሁሉም ከተማውን ያሳበደው «ከሰባተኛዋ ጨረቃ ማዶ» የሚል ባለ አምስት ቅጽ ልብ ወለድ ነበር። ሦስት መቶ ሰዎች ዋልያ በምትባል የጠፈር መርከብ ተሳፍረው አዲስ ምድር ፍለጋ ይሄዳሉ፤ መሪያቸው ሻምበል ወለላ ናት። አራተኛው ቅጽ ላይ የወለላ የልብ ጓደኛ፣ መቶ አለቃ ድምጡ፣ መርከቧን ለጠላት ከፈተ። ጉድ ፈላ! ግማሹ ሰው «ከሃዲ ነው» አለ፤ ግማሹ «ድምጡ ያለ ምክንያት አያደርገውም» አለ። በዚህ የተነሳ የተኳረፉ ባልና ሚስት ነበሩ። ክርክሩ የመጽሐፉ ኅዳግ ላይ ሳይቀር ተጽፏል፤ ጋሽ ይመር እስክሪብቶ እንጂ እርሳስ አልከለከሉም።

አምስተኛው ቅጽ ላይ ሦስት መቶው ሰዎች በትንንሽ መንኮራኩሮች አመለጡ። ወለላ በምትቃጠለው ዋልያ ውስጥ ብቻዋን ቀረች። በሩ ተንኳኳ። «ወለላ እጇን ወደ መክፈቻው ዘረጋች» ይላል፤ የጋሽ ይመር ምላጭ ያረፈው እዚህ ላይ ነው።

እሳቸው ራሳቸው መጨረሻውን አላነበቡትም። የጣፈጠ ነገር ለኋላ ይቀመጣል ብለው፣ ተራ የያዘው ሁሉ ሲጨርስ ለብቻቸው ሊያጣጥሙት አስበው ነበር። ደራሲው በራሱ ጥረት ጥቂት ቅጂ ብቻ ስላባዛ ሌላ አምስተኛ ቅጽ በአካባቢው አልነበረም። የመጀመሪያው ተከራይ አንብቦ፣ መልሶ፣ አግዳሚው ላይ መጨረሻውን ጨረሰ። በሳምንቱ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ጣሪያውን በስቶ ሣጥኑ ውስጥ ገባ። ሣጥኑ ሲከፈት አሥራ ስድስቱ ገጾች ገንፎ ሆነዋል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይኸው ነው።

ጋሽ ይመር አግዳሚው ላይ ቆመው ጥፋታቸውን ተናገሩ። «ከበሩ ማዶ ማን እንደቆመ ሳላውቅ መሞት አልፈልግም» አሉ። «መጨረሻውን ላመጣልኝ አምስቱንም ቅጽ እሰጠዋለሁ። ያመጣውን በእጄ እሰፋዋለሁ፤ ሁለተኛም አልቆርጠውም።»

ሦስት ሰዎች ተነሱ። የመጀመሪያው ልሳነወርቅ ነው፤ ያ መጨረሻውን ያነበበው ሰው። አሁን ልብስ ሰፊ ይሁን እንጂ በልጅነቱ የቆሎ ተማሪ ነበር፤ ዳዊትን በቃሉ የደገመ። ወሬኛው ሁሉ ሲለምነው ቃሉን ጠብቆ አፉን ዘግቶ ከርሟል። «ጋሼ፣ ከመሐላዬ ይፍቱኝ» አለ። ፈቱት። ሦስት ቀን የስፌት መኪናውን ሳይነካ ዐይኑን ጨፍኖ ተቀመጠና፣ አንድ ጊዜ ብቻ ያየውን አሥራ ስድስት ገጽ ከነፊደል ግድፈቱ ጻፈው። ሊፈትኑት ሌላውን ቅጽ እየገለጡ አንድ መስመር ሲጀምሩለት፣ እሱ ገጹን ይጨርስላቸዋል።

ሁለተኛው አህመዲን ነው፤ የጭነት መኪና ሾፌር። «ሰው እያለ ለምን በግምት እንኖራለን?» አለና ደራሲውን ፍለጋ ተነሳ። በየከተማው እየጠየቀ ከአገሩ ወዲያኛው ጫፍ፣ ጎሬ ደረሰ። ደራሲው መምህር ኢተፋ የሚባሉ ጡረተኛ ናቸው፤ ቀፎ እያዩ አገኛቸው። ቅጂ አልቀረላቸውም። ከዚያም በላይ የድሮው መጨረሻ ያሳፍራቸው ነበር። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉት፤ «ያኔ ቸኩዬ ነበር። ተቀመጥ፣ ልክ የሆነውን ልጻፍልህ።» አህመዲን ዘጠኝ ቀን ቀፎ ሲያነሳና ሲያወርድ፣ በንብ ሲነደፍ ሰንብቶ፣ በደራሲው እጅ የተጻፈና የተፈረመ አሥራ ስድስት ገጽ በደረቱ ይዞ ተመለሰ። ፊቱ እንዳበጠ ነበር የገባው።

ሦስተኛዋ ዘይነባ ናት፤ ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ የምትጽፍ። የሰውን ነገር ከሰውየው አስበልጣ መናገር ታውቅበታለች። አምስቱን ቅጽ አስቀርባ ኅዳግ ላይ በእርሳስ የተጻፈውን ሁሉ ገለበጠች፤ የሃምሳ ሰው እጅ ነበር። «ወለላዬ፣ ብቻሽን አትሁኚ» የሚል አንድ ቦታ አገኘች፤ ያንኑ ሌላ እጅ ሌላ ቅጽ ላይ ደግሞታል፤ ሌላም። ከዚያ መጽሐፉ ራሱ የጣላቸውን ፍንጮች አንድ በአንድ ለቅማ፣ የሚቀጥለውን በራሷ ቃል ጻፈች። እሷም አሥራ ስድስት ገጽ ሞላች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሱቁ ደጃፍ ላይ መቆሚያ ጠፋ። ጋሽ ይመር ክር በሰም አሽተው፣ መርፌያቸውን ይዘው ተቀመጡ።

ልሳነወርቅ አነበበ። በሩ ተከፈተ፤ የቆመው ድምጡ ነው። ወለላን ጎትቶ በመጨረሻዋ መንኮራኩር አስፈነጠራትና እሱ ከእሳቱ ጋር ቀረ። ለድምጡ ሲከራከሩ የኖሩት ዘለሉ፤ አንዱ ሽማግሌ «አላልኳችሁም!» ብለው ባርኔጣቸውን ወረወሩ።

አህመዲን አነበበ። በሩ ተከፈተ፤ ማንም የለም። ያንኳኳው በእሳት የሚጨማደደው ብረት ነበር። ወለላ ማንንም መጠበቅ ትታ፣ የምትነደውን መርከብ በአንድ እጇ እየነዳች አዲሱ ምድር ላይ አሳረፈቻት። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ ሾፌሮቹ አህመዲንን ትከሻቸው ላይ ሰቀሉት።

ዘይነባ አነበበች። በሩ ተከፈተ፤ ከማዶ ሦስት መቶው ሰዎች ሁሉ ቆመዋል። ካመለጡበት ተመልሰዋል። «ጥለንሽ የት እንሄዳለን?» አሏት። ሦስት መቶ ሰው እሳቱን በእጁ አጠፋው፣ ዋልያም ተነሳች። እዚህ ላይ መጀመሪያ ሰው ሁሉ አለቀሰ። ከዚያ ደሴ በሙሉ እስኪሰማ ጨበጨበ።

ጭብጨባው ሲበርድ ክርክሩ ተነሳ።

«የተጻፈው ይኸኛው ነው» አለ ልሳነወርቅ። «ጋሽ ይመር ያጠፉት ይሄን ነው፤ የጠየቁትም ይሄን ነው። የጠፋ በግ ለሚፈልግ ሰው የተሻለ በግ አይሰጡትም።»

«ወላሂ፣ ባለቤቱ በሕይወት እያለ!» አለ አህመዲን። «ሰውየው በእጁ ፈርሟል። ልጁ የማን እንደሆነ ከአባቱ በላይ ማን ይናገራል?»

«አባቱ ልጁን ለእኛ ሰጥቶ ጎሬ ንብ ያረባል» አለች ዘይነባ። «ያሳደግነው እኛ ነን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው፤ እኔ የሃምሳውን ነው ያመጣሁት።»

ሁሉም ወደ ጋሽ ይመር ዞሩ። ሽማግሌው ከዐይናቸው እንባ እየጠረጉ ይስቁ ነበር። እንደዚያን ቀን ደስ ብሏቸው አያውቅም፤ አንዴ ሊያዩት የጓጉለት በር ሦስት ጊዜ ተከፍቶላቸዋል። ግን ክራቸው ለአንድ ስፌት ነው፤ የጥራዙም ጀርባ ከአሥራ ስድስት ገጽ በላይ አይችልም። ቃላቸውም ቃል ነው።

መርፌውን አነሱ። ሦስቱንም ጥቅል ጉልበታቸው ላይ ደረደሩ። አንዱን አንስተው መለሱ፤ ሌላውን አንስተው መለሱ።

«እኔ ቆርጬ ያጠፋሁ ሰው ነኝ፤ ፍርዱን እኔ ብቻዬን አልሰጥም» አሉ። መርፌውንም ወደ ሕዝቡ ዘረጉ።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ። አንዱ የነበረውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ያቆየ፣ አንዱ ከፈጠረው ሰው እጅ ያመጣ፣ አንዷ መጽሐፉን የወደዱትን ሰዎች ልብ ያነበበች። አምስቱ ቅጽ ለማን ይገባል? ወለላ በሩን ስትከፍት፣ ከማዶ ማን ቆሞ ይጠብቃት?