የጃርቱ አጃቢዎች

ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። የዚህ ሸለቆ ጅብ ግን በሚያውቁት አገር፣ ሳይጠይቅ ነው የተነጠፈለት። አንበሳ ሲሾመው የሰጠው ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ በሕይወት ያለውን አትንካ፣ የሞተውን አንተ ቅበር። ጅቡም ሕግ አክባሪ ነበርና ቀብሩን በሆዱ ይፈጽም ነበር። ድኩላውም ሚዳቋውም እንዲህ ያለ ጨዋ ሹም አይተን አናውቅም ይሉ ነበር። በየዓመቱ ዝናቡ ሲገባ ግልገሎችን እያንቀጠቀጠ የሚጥል በሽታ ስለነበረ፣ ሹሙ የሚቀብረው አጥቶ አያውቅም።

አንድ ዓመት ከወንዙ ማዶ አባ ጃርት የሚባል ሽማግሌ መጣ። ከራሱ እሾህ አንዷን ይነቅልና ጫፏን በሽታው ይዞት ከዳነ እንስሳ ቁስል ነክሮ የጤነኛውን ግልገል ጆሮ ወጋ ያደርጋል። ግልገሉ ያተኩሰዋል፣ ይነጫነጫል፣ ከዚያ ይነሣል፤ በሽታውም አይደፍረውም። ሽማግሌው ለዚህ ሥራው የሚቀበለው ነገር አልነበረም፤ ሲርበው ሥር ቆፍሮ ይበላል። በታችኛው መስክ የተከተቡት ግልገሎች በሙሉ ክረምቱን ተሻገሩ። የሹሙ ሆድ ከጀርባው ተጣበቀ።

ሌላ ቢሆን ይቆጣ ነበር። እሱ ግን ጉባኤ ጠርቶ ጃርቱን አመሰገነ፤ ጤናን የሚጠላ ማን አለ ብሎም ጠየቀ። ቀጥሎ መንገዱ ክፉ ነው፣ እንግዳችን ብቻውን መሄድ የለበትም አለና ከልጆቹ አራቱን አጃቢ አድርጎ ሰጠው። አባ ጃርት እሾሄ ይበቃኛል ሊል አፉን ከፈተ። ነገር ግን ጉባኤው እያየ ነው፤ ሹም በአደባባይ የሰጠውን አጀብ መመለስ ሹሙን ማዋረድ ነው። ይሉኝታ ያዘውና እጅ ነሣ። እኔ ይህን ሽማግሌ እወደዋለሁ፤ እዚህ ላይ ስደርስ ግን እናደድበታለሁ።

ከዚያ ወዲህ ጃርቱ በደረሰበት ሁሉ ጅቦች ከኋላው ይቆማሉ። ማንንም አልነኩም። ግልገሎቹ ሲወጉ እያዩ ምራቃቸውን ይውጡ ነበር እንጂ። እናቶች ማሰብ ጀመሩ። ለካ የሚወጋው ለእነሱ ምልክት ሊያደርግላቸው ነው፤ ለካ ትኩሳቱ ሥጋውን ሊያለሰልስ ነው። ወሬውን ማን እንደጀመረው አይታወቅም። ሹሙ አጥብቆ አስተባበለ፤ ያስተባበለው ግን ገና ማንም ሳይጠይቀው ነበር።

በላይኛው መስክ እትዬ ድኩላ የምትባል እናት ነበረች። ሁለት ልጆቿን በሽታው ጥሎባት ለሹሙ አስረክባለች። የቀራት አንድ ግልገል ነበር፤ እሱን እንዳታጣ ስትል እንቅልፍ አልነበራትም። ጃርቱ ወደ እሷ በመጣበት ጠዋት አጃቢዎቹ ውሃ ጠማን ብለው ገለል አሉ። አባ ጃርት ግልገሉን አባብሎ ከጎኑ አስጠግቶ፣ እሾህ ሊነቅል አንገቱን ሲያዞር፣ ከመንጋው አንዱ ልጆቻችንን ሊያስበላ ነው ብሎ ጮኸ። በቀንድና በሰኮና ወረዱበት። መጀመሪያ የወጋችው እናትየዋ ነበረች።

ጃርት ሲያጠቁት እሾሁን እንደሚያቆም ሁሉም ያውቃል። አባ ጃርት አላቆመም። ግልገሉ ከጎኑ ተለጥፎ ነበርና እሾሁ ቢቆም የሚወጋው እሱን ነው። እሾሁን እንዳጋደመ ሞተ። እትዬ ድኩላ ልጇን ጎትታ ስታወጣው አንድም ጭረት አላገኘችበትም። ያን ጊዜ ገባት።

በለቅሶው ላይ ከሁሉም ረዝሞ ያለቀሰው ሹሙ ነበር። ገዳዮቹ ያልታወቁ ክፉዎች ናቸው አለ። ለሐኪሞች ደኅንነት ሲባል ከእንግዲህ ማንም ሐኪም ወንዙን እንዳይሻገር ብሎም ደነገገ። ጉባኤው አጨበጨበ።

የአባ ጃርት ልጅ አስከሬኑን ልትወስድ መጥታ ነበር። የተጋደመውን እሾህ አየች። ከዚያ ወደ መንጋው ዞረች።

«አባቴ ሲሞት አንድ ልጅ ይዞ ነበር» አለች። «ያ ልጅ ሳይከተብ ቀርቷል። እናቱ ታምጣው፤ ልጨርስለትና አባቴን ይዤ እሄዳለሁ። ሌላ የምጠይቀው የለኝም።»

እትዬ ድኩላ ሰማች። ብትወጣ፣ የወጋሁት እኔ ነኝ ማለቷ ነው። ለእሷ ብለው ቀንዳቸውን ያነሡትን ጎረቤቶቿን ማሳጣቷ ነው፤ የሹሙንም ቃል ውሸት ማድረጓ ነው። ግራና ቀኝ አየች። ሁሉም እግር እግሩን ያያል። ግልገሏ በጭኗ ሥር ሆኖ ይጠባ ነበር።

የጃርቱ ልጅ ጥላው እስኪዞር ጠበቀች። የመጣ አልነበረም። አባቷን እየጎተተች ወንዙን ተሻገረች።

ዝናቡ በዚያ ዓመት ቀደም ብሎ ገባ። የእትዬ ድኩላ ግልገል መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ብዙም አልቆየ። ሹሙ ራሱ ለቅሶ ሊደርስ መጣ፤ ጎረቤቶችም ተነሥተው ተቀበሉት።

«ፈጣሪ ያጥናሽ» አላት። «ለቀብሩ አታስቢ።»

ሁሉም ያያታል። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ» አለችና ከልጇ አጠገብ ተነሥታ ቦታውን ለቀቀችለት።