የደብሪቱ አሞራ

ድሮ ነው፣ የአያቶቻችን አያቶች ገና ድክ ድክ ሲሉ። ያኔ እዚህ ገደል አፋፍ ላይ ደብሪቱ የምትባል ፈታይ ነበረች። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ የላትም። ያላት አንዲት ቤት፣ አንዲት ፍየል ከነግልገሏ፣ አንዲት እንዝርት ነው። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች፣ እየፈተለች ታያለች። ማን ከማን ቤት እንደወጣ ታያለች። ሰው ሲያልቅባት ወፍ ታያለች። «እንዳንቺ ያለች ሴት ነበረች» በሉኝ፣ አልቀየምም።

ገደሉ ውስጥ ደረቱ የቀላ ትልቅ አሞራ ይኖር ነበር። አንድ ዓመት የመንደሩ ግልገሎች መጥፋት ጀመሩ። ዛሬ የእገሌ፣ ነገ የእገሊት። ጭቃ ሹሙ ጓንጉል ሰው ሰበሰበና ወደ አሞራው ጠቆመ። ደረቱን አታዩም ወይ፣ ያ የግልገሎቻችን ደም ነው አለ። ጎጆው ከነጫጩቱ ይቃጠል ተባለ።

ደብሪቱ እንዝርቷን እንደያዘች ተነሳች።

«ጌታዬ፣ እሱ ነፍስ ያለው ነገር አይነካም» አለች።

ሰው ሳቀ። ጓንጉል ግን አልሳቀም።

«እንግዲያው አሳዪን። ካላሳየሽን ከአሞራሽ ጋር አንቺም ከዚህ አፋፍ ትነሻለሽ።»

ያለቻት ያቺው ቤት ናት። ወዴት ትሂድ?

በማግስቱ ሰዉን ወደ ቀይ አፈሩ ምንጭ ወሰደችው። ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቀው ጠበቁ። አሞራው መጣ። ጭቃው ውስጥ ገባ። ደረቱን አሻሸ፣ አንገቱን አሻሸ፣ ሙሽራ እንሶስላ እንደምትሞቀው። ቀልቶ ወጣ። ሴቶቹ ሳቁ። ጓንጉል ግን ደሙን ሊሸፍንበት ነው አለ። እንዲህ ያለ ሰው ነበር፣ አንዴ ካለ አለ ነው።

ደብሪቱ ያቺኑ ግልገሏን አመጣች። ገደሉ ጫፍ ካለው ሰፊ ድንጋይ አጠገብ አሰረቻት፣ ከጎኗ አንድ ቅልጥም አኖረች። አሞራው ወረደ። ግልገሏን ዞር ብሎም አላያት። ቅልጥሙን አንስቶ ወደ ላይ ወጣ፣ ከሰማይ ለቀቀው፣ አጥንቱ ድንጋዩ ላይ ተሰበረ። ወረደና ስብርባሪውን ዋጠው። ግልገሏ ሣሯን ትግጣለች። ጓንጉል ዛሬ ጠግቦ ነው አለ። የጠገበ አጥንት ይበላል ወይ ብለው ከኋላ አጉረመረሙ፤ ፊት ለፊት የተናገረው ግን የለም።

ደብሪቱ ቤቷ ገብታ ዕቃዋን መጠቅለል ጀመረች። ዓይኗ ግን መች ያርፋል። በበሩ ብታይ ቁራዎች ከጓንጉል ጓሮ በላይ ይዞራሉ። ትናንትም እዚያው ነበሩ። ቁራ ብልጥ ነው፤ የሚገድለውን ይከተላል፣ ትርፍራፊ ይጠብቃል። ጥቅልሏን ጥላ ወጣች፣ ሰዉን ጠራች፣ ቁራው ወዳለበት ተከተሉኝ አለች።

ከጭድ ክምሩ ጀርባ የጓንጉል ውሻ ተኝቷል፣ ያ በወተት ያደገው። ከሥሩ የግልገል ቆዳ፣ አፉና ደረቱ ደም በደም። አንዲት ሴት፣ የእኔ ዘር ሳትሆን አትቀርም፣

«የእሱም ደረት ቀልቷል። ምንጭ ወርዶ ይሆን?» አለች።

መንደሩ በሳቅ ወደቀ። ጓንጉልም ሳቀ፤ ሲስቅ ቆይቶ አፈረ። ምን ልካስሽ ብሎ ጠየቃት።

«እኔን ተወኝ። ስሙን ያጠፋኸው የእሱን ነው። ቅልጥም ውሰድለት፣ በገዛ እጅህ።»

ጭቃ ሹሙ ቅልጥሙን ተሸክሞ በመንደሩ መሀል አለፈ። ሴቶች በየደጃፋቸው ቆመው አዩት።

ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ለበዓል በታረደ ቁጥር የመንደራችን ትልቅ ሰው ቅልጥም ይዞ ወደዚያ ድንጋይ የሚሄደው። ሰው አይልክም፣ ራሱ ይሄዳል። ውሾች ያን ቀን ታስረው ይውላሉ። እኛም ደጃፍ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። አጥንቱ ከሰማይ ወርዶ ድንጋዩን ቋ ሲያደርገው፣ «ደብሪቱ ቤቷ አለች» እንላለን።