ከአፈ ንጉሡ ጋር የታሰረው ቢሻው

አፈ ንጉሥ ወንድይራድን የማያውቅ ዳኝነት የሚባል ነገር አያውቅም ይላሉ ትልልቆቹ። እኔም እንደሰማሁት ላውራችሁ፤ የዘለልኩት ካለ ሳቅ አስቸግሮኝ ነው። ድሮ ነው፣ የቅድመ አያቶቻችን ዘመን። ሰውየው የአገሩ የመጨረሻ ዳኛ ነበሩ፣ ከእሳቸው በላይ ንጉሡ ብቻ። ዝግባ ሜዳ ላይ ያስችሉበት የነበረው ዛፍ እስከ ዛሬ «አንቀላፊው ዝግባ» ይባላል። ያንቀላፋው ግን ዛፉ አልነበረም!

አፈ ንጉሡ ሙግት ሲጀመር ይተኛሉ። ክፋት የለባቸውም፤ ምሳ ይወዳሉ፣ ሙግት ደግሞ ይረዝማል። ማን ደፍሮ ይቀስቅሳቸው? ፍርዱን ለሕዝብ የሚያሰማው አጋፋሪ አንድ ዘዴ አበጀ። ራሳቸው ወደ ቀኝ ዘንበል ካለ በቀኝ የቆመው ረታ፣ ወደ ግራ ካለ በግራ የቆመው። በቃ! ሃያ ዓመት እንዲህ ተፈረደ። ግራ ትከሻቸውን ቁርጥማት ስለሚይዛቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቁት ወደ ቀኝ ነው፤ በዚህ የነቃ ባለጸጋ ሁሉ ቀኙን ለመያዝ ይጋፋል።

ቢሻው የሚባል ቀልደኛ ገበሬ ነበር። ጎረቤቱ ባላምባራስ ጓንጉል የአባቱን ርስት፣ ያቺን ገብስ የምታበቅል አንድ ማሳውን፣ «የኔ ናት» ብለው ከሰሱት። ሌላ ክንድ መሬት የለውም እኮ! ባላምባራስ ቀኙን ይዘው ቆሙ። ቢሻው ምስክር ጠራ፣ ድንበሩን ድንጋይ በድንጋይ ቆጠረ፣ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ተሟገተ። አፈ ንጉሡ አንኮራፉና ወደ ቀኝ ዘንበል አሉ።

«ቢሻው፣ ተረታህ!» አለ አጋፋሪው።

«እሺ ተረታሁ። በእንቅልፍ ለተፈረደ ፍርድ ይግባኝ የሚባለው ለየትኛው ሕልም ነው?»

በዚያ ዘመን ደግሞ ቁራኛ የሚባል ነገር አለ። ከሳሽ የራሱን ሸማ ጫፍ ከተከሳሹ ሸማ ጋር ይቋጥራል፤ ዳኛ እስኪያያቸው ድረስ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይሄዳሉ። ያንን ቋጠሮ መኳንንትም ቢሆን አይፈታውም። ቢሻው አፈ ንጉሡ ከበቅሎ ሲወርዱ ጠብቆ «በሕግ አምላክ!» አለና ሸማቸውን ከሸማው ጋር ቋጠረው፤ ያውም ሁለት ጊዜ።

«አንተ! እኔን?» አሉ አፈ ንጉሡ። «እኔን የሚዳኘኝ ንጉሡ ብቻ ነው። ንጉሡ ደግሞ ቆላ ለአደን ወርደዋል፣ እስኪመለሱ ሁለት ሳምንት ነው!»

«እኔ አልቸኩልም ጌታዬ፤ የማርሰው መሬት የለኝም።»

ቤት ሲገቡ ባለቤታቸው ወይዘሮ ስንዱ እንደዚያ ተቋጥረው አዩዋቸውና ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «እሰይ! እኔ በሠላሳ ዓመት ላስረው ያልቻልኩትን ሰው በአንድ ቀን አሰርክልኝ!»

በማግስቱ ችሎት ሆነ። ሁለቱም አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ፣ ቢሻው በግራ። አፈ ንጉሡ እንደ ልማዳቸው ተኙ፤ ራሳቸው ወደ ቀኝ ሊሄድ ሲል ቢሻው ሸማውን ሳብ! ራስ ወደ ግራ። በግራ የቆመችው ሸክላ ሠሪ ረታች። የሚቀጥለውም በግራ ያለ ረታ። በሦስተኛው ቀን ባለጸጋው ሁሉ እየተጋፋ ወደ ግራ ዞረ፤ ቢሻው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ተነሥቶ በቀኝ ተቀመጠ! ባላምባራስ ጓንጉል ጢማቸውን እየነጩ «ገበሬ መፍረድ ጀመረ እንዴ?» ብለው ጮኹ።

«ኧረ እኔ አልፈረድኩም ጌታዬ፤ ትራስ ሆኜ ነው።»

ቀጥሎ አንድ ደጃዝማች ለግብር ጠሯቸው። እኚህ ደጃዝማች ንፉግ ናቸው፤ የተጋበዘው ሰው ሲጎርስ እሳቸው ምራቃቸውን ይውጣሉ። ሁለቱን ተቋጥረው ሲያዩ ደስ አላቸው። «በአንድ ሸማ የገባ አንድ ሰው ነው» ብለው አንድ ብልት ሥጋ ብቻ አስቀረቡ። ቢሻው ቢላዋውን ቀደመና ብቻውን ቆራርጦ ጨረሰው። አፈ ንጉሡ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። «ለእኔስ?»

«ጌታዬ፣ እርስዎ ሲተኙ እኔ ነቅቼልዎት የለም? አሁን እኔ ስበላ እርስዎ ይጥገቡልኝ።»

ረኀብ አይቻልም መቼስ። አፈ ንጉሡ ሲወጡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቢሻው፣ ወንድሜ፣ ይህን ፍታኝና ከነኮርቻዋ በቅሎዬን ውሰድ» አሉት። ሲያዩዋት ደግሞ እንዴት ያለች በቅሎ ናት!

«የት ላስግጣት ጌታዬ? ሣሩ ያለው ማሳዬ ላይ ነው።»

ንጉሡ ከአደን ገቡ። ሁለቱን ሲያዩ «እኔ ቆላ ለቆላ አውሬ ስፈልግ፣ ባለሁለት ራሱ እዚህ ኖሯል!» ብለው ሳቁ። ቢሻው ከሰሰ። አፈ ንጉሡ «ጃንሆይ፣ አልተኛሁም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ሳስብ ነበር» አሉ።

«ታዲያ ይህ ሰው አንኮራፍተዋል የሚለኝ ምንድን ነው?» አሉ ንጉሡ።

ቢሻው ቀደም አለ፦ «ሐሳቡ ከብዷቸው ነው ጃንሆይ።»

ንጉሡ ሳቃቸውን ዋጡ። እልፍኝ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ አስወጡ፤ ባላምባራስም፣ አጋፋሪውም ወጡ፤ የተቋጠሩት ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ከዚያ ወደ ቢሻው ጠጋ ብለው እንዲህ አሉት፦ «እውነትህን እንደሆነ አውቄያለሁ። ግን ያንተን ፍርድ ባፈርስ፣ የሃያ ዓመቱ ተረቺ ሁሉ ነገ ደጄ ላይ ነው። የስንቱን መሬት ከስንቱ ነቅዬ ልመልስ? አገር ከሚታመስ ማሳህን ብትተው አይሻልም?»

«ጃንሆይ፣ እርስዎ ማሳዬን ብቻ ይመልሱልኝ፤ ከሌሎቹ ተረቺዎች የሚጠይቀኝ ካለ፣ የዛሬው ፍርድ ሲሰጥ እኔም ተኝቼ ነበር።»