አንዲት ዊልቸር ለሦስት ልጆች

በአንድ ወቅት፣ ደጋና ቆላ በገበያ ቀን ብቻ በሚገናኙባት ከተማ፣ ለጤና ጣቢያው አንዲት ዊልቸር መጣች። ተቀባይዋ ለአገሩ አዲስ የሆነችው ነርስ እታፈራሁ ነበረች፤ ምላሷ ስለት፣ ልቧ ቅቤ። በአካባቢው እግራቸው ተቆልምሞ የተወለዱ ሦስት እኩያ ልጆች አሉ። እንዲህ ያለ እግር በጨቅላነት በጀሶ ቢታሰር ይቃና ነበር። አሁን ዐሥር ዓመታቸው ነው፤ ትምህርት ቤቱም ሩቅ ነው። ዊልቸሯን ያገኘ ይማራል፤ ያላገኘ ቤቱ ይቀራል።

መጀመሪያ የደጋዋ ገበሬ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ልጇን ይርዳውን አዝላ መጣች። ባሏ «ዘራቸው ብልሹ ነው እንባላለን፤ እህቶቹን ማን ያገባቸዋል?» ብሎ ልጁን ጓዳ ደብቆት ኖሯል። እሷ ግን የዊልቸሯን ወሬ ስትሰማ በጠራራ ፀሐይ ገበያውን ሰንጥቃ አለፈች። የታላቅ ልጇ እጮኛም ወዲያው ቃሉን አፈረሰ።

«ይፍረስ» አለች። «ልጄን የደበቀው የገዛ አባቱ ነው። ከዚህ የባሰ በደል ካለ አሳዩኝ።»

ቀጥላ ሸክላ ሠሪዋ እማዋይሽ ከልጇ ከታንጉት ጋር ገባች። ሰዉ በእሷ እንስራ ውሃ እየጠጣ እሷን ቡዳ ይላታል። ሰው እንዲህ ነው! ታንጉትን ገና አራስ ሳለች ነበር ያመጣቻት። እናቶቹ ከእሷ ጋር አግዳሚ ላይ አንቀመጥም ስላሉ ካርድ ክፍሉ «ውጪ ጠብቂ» አላት። መጨረሻ እየገባች፣ ጀሶ እያለቀ፣ አንዱ እግሯ ሲታሰር ሌላው ቀረ። ታንጉት ዛሬ በምርኩዝ ከደጃፍ አታልፍም።

«እኔ አንድም ቀን አልቀረሁም ሲስተር» አለች እማዋይሽ። «ያስቀሩኝ እነሱ ናቸው።»

እታፈራሁ ደሟ ፈላ። ተነስታ ያንን አግዳሚ በእግሯ ገለበጠችው።

ሦስተኛው ከቆላ የመጣው አፋሩ ሁመድ ነው። እነሱ ዘንድ ልጅ አይደበቅም። መንደሩ ሲጓዝ ልጁ መዲና ግመል ላይ ናት፤ ሲሰፍር ከልጆቹ መሃል ናት። በሕፃንነቷ አምጥቷት ጀሶ አስረውላት ነበር። በየሳምንቱ መቀየር እንዳለበት ግን በቋንቋው የነገረው የለም። እግሯ ሲያብጥና ስትጮህ ጀሶውን ወገቡ ላይ በታጠቀው ጊሌ ቀደደው። ዛሬ መዲና ቆማ አታውቅም።

«ልጄን የሚወዳት ሞልቷል» አለ በአስተርጓሚ። «እናንተ ግን እንደ ሰው አላነጋገራችሁኝም።»

ፍርዱን ሊሰማ ጤና ጣቢያው ደጅ ከተሰበሰበው ሕዝብ አንድ ሽማግሌ ተነሱ። «ዕጣ ይጣል። ዕጣ አያዳላም።»

«አይጣልም፣ አባባ» አለች እታፈራሁ። «እግራቸው ተቆልምሞ መወለዱ ዕጣ ነው፤ እሺ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ግን የእኛው ሥራ ነው። አሁን ደግሞ በዕጣ አናሳብብም። ስም ጠርተን እንፈርዳለን።»

ሽማግሌው ተቀመጡ።

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ። የገዛ ወገኑ ለደበቀው ለይርዳው? እናቷ ሳትቀር እያመጣቻት ደጅ ላስቀሯት ለታንጉት? ወይስ ወገኖቿ እየወደዷት ሐኪም ቤቱ አባቷን በቋንቋው ላላናገረላት ለመዲና? የፈረደ ሰው ለቀሩት ሁለት ልጆች ፊት ለፊት ይነግራቸዋልና አስባችሁ መልሱ፤ ዊልቸሯ የማን ናት?