ዝገቱን ያሳየው ሰው

አንድ ሰው ነበረ፤ እንደ አንቺው የመኪና ማጠቢያ ላቫጆ የነበረው። ስልኩን አስቀምጪውና ስሚኝ፤ ቪዲዮውን በኋላ አየዋለሁ።

ጥያቄሽ ገብቶኛል። ደንበኛሽ «ስታጥቡ ስፖኪዮዬን ሰነጠቃችሁት» ብሎ ሠራተኞችሽን ሲሰድብ ዋለ፤ ነገ ጠዋት ደግሞ ሰው ይዞ ሊመጣ ነው። መስተዋቱ ግን መኪናው ግቢሽ ሲገባም የተሰነጠቀ እንደነበር ካሜራሽ ይዞታል። «ጋሼ፣ በሰው ሁሉ ፊት ልክፈትበት? የሰፈሩ ቴሌግራም ላይስ ብለቀው?» አልሽኝ። እውነቱ ካንቺ ጋር ነው፤ በእሱ አልከራከርሽም። የዚያም ሰው እውነቱ ከእሱ ጋር ነበረ።

ሰውየው ላቫጆውን የከፈተ ሰሞን ገር ነበር። አንዱ «መኪናው ውስጥ የነበረ መነጽሬ ጠፋ» ሲለው ይተካል፤ ሌላው «ወንበሬ ራሰ» ብሎ ሲጮህ ይቅርታ ይጠይቃል። እየቆየ ግን ቂም ያዘ። ያላጠፉትን መካስ የማን ሆድ ይችለዋል? በኋላ አንድ ነገር ልብ አለ። አዲስ ጭረት ያበራል፤ የቆየ ጭረት ግን ውስጡ ዝገት ይይዛል። ክረምት ላይ ደግሞ ጭረት ሁሉ በጭቃ ተሸፍኖ ይመጣና ሲታጠብ ይወጣል፤ ባለመኪናው ያን ጊዜ ያየውን ያን ጊዜ የተጫረ ይመስለዋል። ይህን ለሰው በእርጋታ ማስረዳት ይችል ነበር። እሱ ግን ሰው ማሳፈሪያ አደረገው።

ቅሬታ ያለው ሰው በመጣ ቁጥር ተራ የሚጠብቁትን ሁሉ ይጠራል። ጣቱን በጭረቱ ላይ ይስብና ዝገቱን ያሳያል። «ዓይናችሁን በጨው ታጥባችሁ ትመጡብኛላችሁ!» ይላል። ሰው ይስቃል፤ ከሳሹም መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል። ይህ ነገር ሲለምዱት ይጣፍጣል። አንቺም ነገ የምትይውን ስትለማመጂ ሳይጣፍጥሽ አልቀረም።

አንድ ቀን ጸጉሩ የሸበተ ሾፌር መጣ፤ የሰው መኪና የሚነዳ። ባለመኪናው አጠገቡ ካለው ምግብ ቤት ገብቶ ቁርሱን ይበላል። መኪናው ከገጠር መንገድ የመጣ ስለነበረ ጭቃው ቀለሙን አያስለይም። ታጥቦ ሲያበቃ ሾፌሩ ዞሮ አየውና የኋላው በር ጋ ሲደርስ ጮኸ።

«ምን አደረጋችሁኝ? በሩን ጫራችሁት እኮ!»

ባለላቫጆው እንደ ልማዱ ሰው ጠራ። ጣቱን በጭረቱ ላይ ሳበው፤ ጣቱ ቀይ ዝገት ይዞ ወጣ። ወስዶ ሾፌሩ ዓይን ላይ ደቀነው።

ሾፌሩ ፊቱ ተለዋወጠ። ጠጋ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ እውነትህን ነው፤ የቆየ ነው» አለው በለሆሳስ። «እኔም ገና ዛሬ ማየቴ ነው፤ ጭቃው ሸፍኖት ነው። እባክህ ድምፅህን ዝቅ አድርግልኝ፤ አለቃዬ ከሰማ በእኔ ነው የሚፈርደው።»

ልብ በይ ልጄ፤ ነገሩ እዚህ ላይ አልቆ ነበር። ከሳሹ ክሱን አንሥቷል። ባለላቫጆው ግን ሰው ተሰብስቦለታል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ከዚያ በፊት የዋሹትን ሁሉ በዚህ አንድ ሽማግሌ ላይ አያቸው።

«ስትከሰኝ በአደባባይ፣ ስትለምነኝ በጆሮ?» አለው፤ አባቱ የሚሆነውን ሰው አንተ እያለ። ከዚያ ወደ ምግብ ቤቱ ዞሮ ጮኸ። «ይምጡማ ጌታዬ! ሾፌርዎ የጫረውን በእኛ ሊያላክክ ነው!»

ባለመኪናው መጣ፤ ዝገቱንም አየ። እጁን ብቻ ዘረጋ። ሾፌሩ ቁልፉን ሰጠው። የፊቱን በር ከፍቶ ምሳ ዕቃውንና የዝናብ ልብሱን አወጣ፤ የተጣጠፈውን ምንጣፍ አቃናና በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ሄደ። በዚያ ቀን የሳቀ ሰው አልነበረም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ባለመኪናው በአዲስ ሾፌር ተመልሶ መጣ። «ጉድ ልንገርህ» አለ እየሳቀ። «ያን በር የጫረችው ለካ ባለቤቴ ናት! ለሁለት ሳምንት ወደ ገጠር በሌሊት ልንወጣ ዋዜማውን ከግቢው በር ጋር አፋትጋው ፈርታ ዝም ብላኛለች።»

«ሽማግሌውስ?» አለ ባለላቫጆው።

«እንግዲህ ሌላ ቀጠርኩ፤ ምን ይደረጋል» አለ ባለመኪናው።

ባለላቫጆው አፈረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሽማግሌው እውነቱን አንድም ሳያጎድል ነግሮት ነበር፤ እሱ ግን እየሰማ አልሰማውም። የገዛ ሠራተኞቹን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

ፍለጋ ወጣ። ሽማግሌውን ሥራ ፈላጊ ሾፌሮች ከሚሰበሰቡበት አደባባይ ቆሞ አገኘው። እጁን ይዞ ገለል ሊያደርገው ሞከረ፤ ሽማግሌው አልነቃነቅ አለ። ጎንበስ ብሎ ወደ ጆሮው፣ «አባቴ፣ በድዬዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ» አለው።

ሽማግሌው እጁን አስለቀቀ። ከዚያ፣ «ስታዋርደኝ በአደባባይ፣ ይቅርታህ በጆሮ?» አለው።

ሾፌሮቹ ዞረው ተመለከቱ። ባለላቫጆው ጮክ ብሎ ሊናገር አፉን ከፈተ። ሰው ሲጠራበት የኖረው ድምፁ እምቢ አለው። አንገቱን ደፍቶ ሄደ፤ ሽማግሌውም ሥራ መጠበቁን ቀጠለ።

እንግዲህ ልጄ፣ ባለላቫጆው አንቺ ነሽ፤ ዝገቱም ስልክሽ ውስጥ ያለው ቪዲዮ ነው። ቪዲዮው አለመስበርሽን ያሳያል። የደንበኛሽን መዋሸት ግን አያሳይም፤ ማን እንደሰነጠቀው፣ እሱስ መቼ እንዳየው፣ ማንን ፈርቶ እንደሚጮህ ካሜራሽ አያውቅም። ነገ ሲመጣ ለብቻው ቢሮሽ አስገቢና አሳዪው። አይቶ ዝም ካለ አንቺም ዝም በይ። አይቶ ከካደም ካሳ አትክፈዪው፣ አታዋርጂውም፤ በሰላም ሸኚው። ከእንግዲህ ደግሞ ሳሙና ሳይነካ መኪናውን በውሃ ብቻ አለቅልቁና ከባለቤቱ ጋር አብራችሁ ዙሩት። ጭቃው ሲወርድ ሁለታችሁም እኩል ታዩታላችሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የቴሌግራሙማ ከአፋፍም ይብሳል።

በይ አሁን ስልኩን አምጪው፤ ቪዲዮውን ልየው።

ምነው አንገትሽን ደፋሽ? ለቀሽዋል እንዴ?

አይ ልጄ! እኔ እኮ ልትጠይቂኝ የመጣሽ መስሎኝ ነው። እንግዲያስ ቢሮ ማስገባቱ አይበቃሽም፤ ይቅርታሽ ቪዲዮው የደረሰበት ሁሉ መድረስ አለበት። ድምፅሽ እምቢ ሳይልሽ እዚሁ ፊቴ ጀምሪ።